«ሃት» አንድ ቃል አይደለም፦ የእንግሊዝኛን አጭር አናባቢዎች በጆሮና በዓይን መለየት

ኤች-ኤ-ቲ ባርኔጣ ነው። ኤች-ዩ-ቲ ጎጆ ነው። ኤች-ኦ-ቲ ትኩስ ነው። አንድ አሜሪካዊ ሦስቱን አከታትሎ ቢጠራቸው አማርኛ የለመደ ጆሮ ሦስቴ «ሃት» ብቻ ሊሰማ ይችላል። ጆሮው ደካማ ስለሆነ አይደለም። አማርኛ ሰባት አናባቢ ነው ያለው፤ እንግሊዝኛ ግን በእንግሊዞች አነጋገር ሲቆጠር ሃያ ይደርሳል። ትርፉ ድምፅ ማደሪያ ሲያጣ ከሰባቱ ወደ አንዱ ተጠግቶ ይቀራል።

ይህ መመሪያ ራሱ እንግሊዝኛ ለሚያጠና ሰው ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት «ሾርት ኤ» (አጭር ኤ)፣ «ሾርት ዩ» (አጭር ዩ) የሚል የቤት ሥራ ይዞ ለሚመጣበት የአሜሪካ ወላጅም ይሆናል።

የሚያስፈልገው እርሳስና ወረቀት፣ ትንሽ መስታወት፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ እንዲሁም ቃል ሲነኩት ድምፅ የሚያሰማ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ነው። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት የእንግሊዝንና የአሜሪካን አነጋገር ለየብቻ ያሰማሉ። አንዱን ይምረጡና በእሱ ይጽኑ፤ ሁለቱን እያፈራረቁ መጀመር አጭሩ ኦ ላይ ያደናግራል። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 15 ደቂቃው ይሻላል።

እዚህ ቃላቱን የምንጠራቸው በፊደሎቻቸው ስም ነው። ሲያነቡ እያንዳንዱን በወረቀትዎ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉት። ድምፁን በእኛ ፊደል እየጻፉ ማጥናት ግን ወጥመድ ነው፤ «ካት» ብለው በጻፉ ቅጽበት ጆሮዎ ፍርዱን ሰጥቷል። እኛም በፊደላችን ድምፅ ስናሳይ ለግምት ያህል ብቻ ነው።

1. «አጭር» የሚለውን ስም አይመኑት

ቢ-ኤ-ዲ (መጥፎ) አጭር አናባቢ አለው ይባላል፤ ቢ-ኢ-ኤ-ቲ (መምታት) ረጅም። ሰዓት ይዘው ቢለኩ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ይረዝማል። ምክንያቱ እንግሊዝኛ እንደ ዲ፣ ቢና ጂ ባሉ ጉሮሮን በሚያንዘሩ ድምፆች ፊት አናባቢውን ይስባል፤ እንደ ቲ፣ ፒና ኬ ባሉት ፊት ደግሞ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ርዝመት እያዳመጡ አጭርና ረጅም ለመለየት የሚሞክር ሰው ዘወትር ይሳሳታል። ልዩነቱ ምላስና መንጋጋ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ነው።

ስሙ የመጣው ከጥንት ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ጥንዶቹ በእርግጥ በርዝመት ይለያዩ ነበር። በግምት ከ15ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ረጅሞቹ ከቦታቸው ተነሥተው ሄዱ፤ አጫጭሮቹ ባሉበት አካባቢ ቀሩ። ስያሜው ብቻ እንዳለ ዘለቀ።

የሚያዋጣው መለያ ይህ ነው፦ በቃሉ ውስጥ የፊደሉ ስም ከተሰማ ረጅም ነው፤ ካልተሰማ አጭር ሊሆን ይችላል። ግን እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። እኛ የመጀመሪያዋን ፊደል «ኤ» ብለን በኃምስ እንጨርሳታለን፤ ትክክለኛ ስሟ ወደ «ኤይ» ይሄዳል። ኦም እንዲሁ «ኦው» ናት። መጨረሻ ላይ የምትመጣዋን የ«ይ» ወይም የ«ው» ጭራ ካልያዙ የፊደሉ ስም መለያ መሆኑ ይቀራል። «ኬክ» እና «ኮት» ወደ አማርኛ ሲገቡ ጭራቸው ተቆርጧል፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱም ረጅም ናቸው።

2. አምስቱን አጭር አናባቢዎች በአፍ ይፈልጉ

የእጅዎን ጀርባ አገጭዎ ሥር ያድርጉና መዝገበ ቃላቱን እየተከተሉ ሦስት ቃላት ይበሉ፦ ኤስ-አይ-ቲ፣ ኤስ-ኢ-ቲ፣ ኤስ-ኤ-ቲ። አገጩ በየቃሉ አንድ እርከን መውረድ አለበት። የማይወርድበት ቦታ ካለ ሁለት ቃል አንድ ሆኖብዎታል ማለት ነው፤ ወደፊት ከመሄድዎ በፊት እዚያው ይቆዩ።

አጭሩ አይ በሳልስና በሳድስ መካከል ነው፤ «ሲት» ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ «ስት»ም አይደለም። «ሲ» ይበሉና ከንፈርዎን ወደ ጎን መሳብ ያቁሙ፤ ምላስዎ በራሷ ትንሽ ትወርዳለች። በመስታወት ሲያዩ ፈገግታ ከታየ አልፈውታል።

ለአጭሩ ኢ አማርኛ ውስጥ ጥሩ መልሕቅ አለ። «የት» ይበሉ። ዋይ-ኢ-ቲ (ገና) የሚለው ቃል በዚያው ቦታ ላይ ነው የሚጠራው ማለት ይቻላል። የግዕዝ አናባቢ ከየ፣ ሸ፣ ቸ እና ጀ ጋር ሲመጣ ወደ ፊት ይሳባል፤ የሚፈልጉት ያንን ነው። ብዙዎቻችን ግን ቢ-ኢ-ዲን «ቤድ» ብለን በቤት ኃምስ እንጠራዋለን፤ ይህ ድምፁን ከሚገባው በላይ ከፍ ያደርገውና ከረጅሙ ኤ ጋር ያጋጨዋል።

አጭሩ ኤ ሲበዛ አስቸጋሪው ነው፤ በአማርኛ አቻ የለውምና። የ«ሴት»ን አናባቢ ይጀምሩ፣ የምላስዎን ጫፍ ከታችኛው ጥርስ ጀርባ ሳያነሡ መንጋጋዎን ብቻ ይልቀቁ። በጥርሶችዎ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሲፈጠር የሚወጣው ጠፍጣፋ፣ ትንሽ የበግ ጩኸት የሚመስል ድምፅ ነው። የሚያሳፍር ሆኖ ከተሰማዎ ትክክለኛው ቦታ አጠገብ ደርሰዋል። ምላስ ወደ ኋላ ከሸሸ ራብዕ ሆነ ማለት ነው።

ለአጭሩ ዩ ራብዕን ፈጽሞ ይርሱት። የሚቀርበው ግዕዝ ነው፦ «ከት ብሎ ሳቀ» ሲባል ያለችው «ከት» ከሲ-ዩ-ቲ (መቁረጥ) ጋር በጣም ትቀራረባለች። የአማርኛ ጸሐፊዎችም ይህን በጆሯቸው ደርሰውበታል፤ «ክለብ»፣ «ፐብሊክ»፣ «ደብል» ብለን ስንጽፍ ሦስቱም ላይ አጭሩን ዩ በግዕዝ አስቀምጠናል። «ሸገር ባስ» ላይ ግን ተንሸራተን ወደ ራብዕ ገባን። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ «አ» እና «ሀ» ቅርጻቸው ግዕዝ ቢሆንም ድምፃቸው ራብዕ ነው። ስለዚህ ዩ-ፒ «አፕ» ሳይሆን ወደ «ኧፕ»፣ ኤች-ዩ-ቲም «ሀት» ሳይሆን ወደ «ኸት» ያደላል።

አጭሩ ኦ በመረጡት አነጋገር ይወሰናል። በአሜሪካ ሐኪም ጉሮሮ ለማየት «አ በል» ሲል የምንለው ክፍት ድምፅ ነው፤ ምላስ ወደ ኋላ፣ ከንፈር ልቅ። በእንግሊዝ ከንፈር ትንሽ ይከብና ወደ ሳብዕ ይጠጋል፤ መንጋጋው ግን ከእኛ «ኦ» ይበልጥ ይከፈታል።

3. አራቱን የግጭት ቦታዎች ለይተው ይለማመዱ

ሁሉንም ድምፅ ከሁሉም ጋር ማነጻጸር ጊዜ ማባከን ነው። አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው።

ራብዕ ላይ፦ ቢ-ኤ-ቲ (የሌሊት ወፍ) ከቢ-ዩ-ቲ (ግን)፣ ሲ-ኤ-ፒ (ቆብ) ከሲ-ዩ-ፒ (ኩባያ)፣ አር-ኤ-ኤን (ሮጠ) ከአር-ዩ-ኤን (መሮጥ)። የመጨረሻው ጥንድ ላይ አናባቢው ካልተሰማ ትናንትና ዛሬ ይቀላቀላሉ። የአሜሪካ አነጋገር ከመረጡ ኤች-ኦ-ቲና ሲ-ኦ-ቲ (ታጣፊ አልጋ) እዚህ ይጨመራሉ።

ሳልስ ላይ፦ ኤስ-ኤች-አይ-ፒ (መርከብ) ከኤስ-ኤች-ኢ-ኢ-ፒ (በግ)፣ ኤል-አይ-ቪ-ኢ (መኖር) ከኤል-ኢ-ኤ-ቪ-ኢ (መሄድ)፣ ኤፍ-አይ-ኤል-ኤል (መሙላት) ከኤፍ-ኢ-ኢ-ኤል (መሰማት)።

ኃምስ ላይ፦ ፒ-ኢ-ኤን (እስክሪብቶ) ከፒ-ኤ-አይ-ኤን (ሕመም)፣ ደብሊው-ኢ-ቲ (እርጥብ) ከደብሊው-ኤ-አይ-ቲ (መጠበቅ)። የ«ይ» ጭራ ካለ ረጅሙ ነው።

ሳብዕ ላይ፦ ኤን-ኦ-ቲ (አይደለም) ከኤን-ኦ-ቲ-ኢ (ማስታወሻ)፣ ጂ-ኦ-ቲ (አገኘ) ከጂ-ኦ-ኤ-ቲ (ፍየል)። ረጅሙ ላይ ከንፈር መጨረሻ ላይ ይሰበሰባል።

እነዚህ 10 ጥንዶች 20 ካርድ ይሆናሉ። ካርዶቹን ይበውዙና ድምፆቹን በደንብ የሚለይ ሰው አፉን በወረቀት ሸፍኖ ያንብብልዎ፤ እርስዎ የሰሙትን በእንግሊዝኛ ይጻፉ። አሜሪካ የተወለደ ልጅ ካለ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ ቤት ውስጥ አይገኝም፤ እሱም እናትና አባቱን ማረም ደስ ይለዋል። ብቻዎን ከሆኑ የመዝገበ ቃላቱን ድምፅ በተበወዘው ቅደም ተከተል በስልክ ይቅዱና በማግስቱ ያዳምጡ፤ በዚያው ቀን ካዳመጡት ቅደም ተከተሉ ትዝ ይልዎታል።

ከ20ው 10 ማግኘት ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይለይም። 18 ሲያገኙ፣ ያም በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ ወደ ሚቀጥለው ይለፉ። ውጤቱን በጠቅላላው ብቻ አይመዝግቡ፤ የትኛው ጥንድ ላይ እንደወደቁ ይጻፉ። ስሕተቱ አንድ ቦታ ከተከማቸ ለሦስት ቀን ያንን ብቻ ይሥሩ።

የራስዎን አነጋገር ለመፈተን የስልክዎን በድምፅ መጻፊያ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩና ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ዓረፍተ ነገር ሳይሠሩ ይናገሩ። በዓረፍተ ነገር ከተናገሩ ስልኩ ከዐውዱ ገምቶ ያርምልዎታል፤ ስሕተትዎ ይሸፈናል።

አንድ ማሳሰቢያ ስለ ኤንና ኤም። በአሜሪካ አነጋገር አጭሩ ኤ በእነዚህ ሁለት ፊት ወደ ላይ ይነሣል፤ ኤም-ኤ-ኤን (ሰው) ወደ «ሜን» የሚጠጋ ሆኖ ይሰማል፣ ከብዙ ቁጥሩ ኤም-ኢ-ኤን ጋርም ይምታታል። ስለዚህ አጭሩን ኤ መጀመሪያ በቲ፣ በፒና በሲ-ኬ በሚያልቁ ቃላት ይለማመዱ፤ ኤንና ኤም ያለባቸውን ለሁለተኛው ሳምንት ያቆዩ። እንደ አትላንታና ዳላስ ባሉ የደቡብ ከተሞች የምትኖሩ ደግሞ ብዙ የአካባቢው ተወላጆች ፒ-አይ-ኤንን (መርፌ ቁልፍ) እና ፒ-ኢ-ኤንን ራሳቸው አንድ አድርገው እንደሚጠሩ ይወቁ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የእናንተ ጆሮ አይደለም።

4. ከአጻጻፉ መለየት

ጆሮ ሲሠራ ዓይንን ይጨምሩ። ዋናው ምልክት አንድ አናባቢ ፊደል በተነባቢ ተዘግቶ መገኘቱ ነው፦ ቢ-ኢ-ዲ፣ ሲ-ዩ-ፒ። ተነባቢው በሩን ካልዘጋው፣ እንደ ኤም-ኢ (እኔን) ወይም ጂ-ኦ (መሄድ)፣ አናባቢው ስሙን ይጠራል። መጨረሻ ላይ የማትነበብ ኢ ስትጨመርም ይረዝማል፤ ኤች-ኦ-ፒ (መዝለል) ኤች-ኦ-ፒ-ኢ (ተስፋ) ይሆናል።

ቀጥሎ ያለው አማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚያሳስት ነው። በአማርኛ ተነባቢ ይጠብቃል ይላላል፤ «ገና» ጠብቆና ላልቶ ሁለት ቃል ነው፣ ግን መጥበቁ በጽሑፍ አይታይም። እንግሊዝኛ የዚህ ግልባጭ ነው፦ ተነባቢው ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ሲነበብ ግን አይጠብቅም። ድርብ ፊደሉ የሚናገረው ስለ ራሱ ሳይሆን ከፊቱ ስላለው አናባቢ ነው፤ «አጭር ነኝ» ያሰኘዋል። ዲ-አይ-ኤን-ኤን-ኢ-አር እራት ነው፣ አይው አጭር። ዲ-አይ-ኤን-ኢ-አር «ዳይነር» ተብሎ የሚነበብ ምግብ ቤት ነው። ኤች-ኦ-ፒ ላይ አይ-ኤን-ጂ ሲጨመር ፒው የሚደረበው ለዚህ ነው፤ ካልተደረበ ሰውዬው መዝለሉን ትቶ ተስፋ ማድረግ ይጀምራል። ኤች-ኤ-ፒ-ፒ-ዋይን ስናነብ ፒዋን አጥብቀን «ሃፕ-ፒ» ማለት የአማርኛ ልማድ ነው፤ ይላላ።

ሌሎች ዘበኞችም አሉ። በአንድ ክፍለ ቃል መጨረሻ ላይ ሲ-ኬ፣ ቲ-ሲ-ኤች ወይም ዲ-ጂ-ኢ ካዩ ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር ነው፦ ቢ-ኤ-ሲ-ኬ (ጀርባ) ከቢ-ኤ-ኬ-ኢ (መጋገር) ጋር ያስተያዩ። ኤፍ፣ ኤስና ዜድም በአጭር ቃል መጨረሻ ከአጭር አናባቢ በኋላ ይደረባሉ። ቢ-ዩ-ኤስ፣ ጂ-ኤ-ኤስ፣ ዋይ-ኢ-ኤስና አይ-ኤፍ ግን ሳይደረቡ ይጻፋሉ፤ አናባቢያቸው ያው አጭር ነው። ኤልም ትደረባለች፣ ግን ከኤ በኋላ አይመኗት፤ ቢ-ኤ-ኤል-ኤል (ኳስ) አጭር ኤ የለውም።

በተነባቢ ተዘግተውም የሚረዝሙ አሉ፦ ኤም-አይ-ኤን-ዲ (አእምሮ)፣ ሲ-ኦ-ኤል-ዲ (ብርድ)፣ ኤም-ኦ-ኤስ-ቲ (አብዛኛው)። አር ደግሞ አናባቢውን ይበላዋል፤ ሲ-ኤ-አርን ከአጭር ኤ ዝርዝር ያውጡት።

5. ደንብ አፍራሾቹ

ቪ ላይ የሚያልቅ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል አይጻፍም፤ ሁልጊዜ ኢ ትከተለዋለች። ስለዚህ ኤች-ኤ-ቪ-ኢ (መያዝ) እና ጂ-አይ-ቪ-ኢ (መስጠት) ላይ ያለችው ኢ አናባቢውን ለማስረዘም አልመጣችም፤ ሁለቱም አጭር ናቸው።

በኦ ተጽፈው በአጭሩ ዩ የሚነበቡት ቃላት አብዛኞቹ ከኤም፣ ከኤን ወይም ከቪ ጎን ናቸው፦ ኤስ-ኦ-ኤን (ወንድ ልጅ)፣ ሲ-ኦ-ኤም-ኢ (መምጣት)፣ ኤል-ኦ-ቪ-ኢ (ፍቅር)፣ ኤም-ኦ-ኤን-ኢ-ዋይ (ገንዘብ)። የተለመደው ማብራሪያ የመካከለኛው ዘመን ጸሐፊዎች ዩ ከእነዚህ ፊደሎች ጎን ሲመጣ ቋሚ ጭረቶቹ ስለተደባለቁባቸው በኦ ተኩት የሚል ነው። የብራና ጽሑፍ ያየ ሰው ችግሩ ይገባዋል።

ኢ-ኤ አንዳንዴ አጭር ኢ ነው፦ ቢ-አር-ኢ-ኤ-ዲ (ዳቦ)፣ ኤች-ኢ-ኤ-ዲ (ራስ)። አር-ኢ-ኤ-ዲ (ማንበብ) ለአሁን ጊዜ ረጅም፣ ላለፈ ጊዜ አጭር ሆኖ ይነበባል፣ አጻጻፉ ሳይለወጥ። ከደብሊው በኋላ የምትመጣ ኤ ብዙ ጊዜ የአጭሩን ኦ ድምፅ ትይዛለች፦ ደብሊው-ኤ-ኤን-ቲ (መፈለግ)፣ ደብሊው-ኤ-ቲ-ሲ-ኤች (ሰዓት)። ፒ-ዩ-ቲ (ማስቀመጥ)፣ ኤፍ-ዩ-ኤል-ኤል (ሙሉ) እና ፒ-ዩ-ኤል-ኤል (መሳብ) ደግሞ በስድስተኛ አጭር ድምፅ፣ ላላ ባለ ካዕብ ይነበባሉ፤ ጂ-ኦ-ኦ-ዲ (ጥሩ) ላይ ያለውም እሱ ነው። እነዚህን በደንብ ሳይሆን በቡድን፣ አምስት አምስት እያደረጉ ይያዟቸው።

የሚያጠራጥር ቃል ሲገጥም በመዝገበ ቃላቱ በሁለት ዘንባላ መሥመሮች መካከል የሚጻፈውን የድምፅ ምልክት ይመልከቱ። የእኛን ሁለት ነጥብ የምትመስል ምልክት ከአናባቢው በኋላ ካለች ወይም ሁለት የአናባቢ ምልክት ተጣምሮ ከተጻፈ አጭር አይደለም፤ በአሜሪካ አነጋገር ግን አጭሩ ኦም ሁለት ነጥብ ይዞ ይጻፋል። አንድ ብቻ፣ ያለ ነጥብ ከሆነ አጭር ነው። የኤና የኢ ቅርጽ ተጣብቆ ቢያዩ ሁለት አይደለም፤ የአጭሩ ኤ ምልክት ራሱ ነው። ተገልብጦ የተጻፈው ኢ ደግሞ ከአምስቱ ውጭ የሆነው፣ «ኧ»ን የሚመስለው ደካማ ድምፅ ነው።

ይህ ደካማ ድምፅ ረጃጅም ቃላት ላይ ወሳኝ ነው። «ባናና» ውስጥ ሦስት ኤ አለ፤ በአሜሪካ አነጋገር አጭር ኤ የሆነችው ጫና ያረፈባት መካከለኛዋ ብቻ ነች፣ የተቀሩት ሁለቱ ደክመዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጫና ያለበትን ክፍለ ቃል ያግኙ፣ አጭር ነው ወይስ ረጅም ብለው የሚጠይቁት እሱን ብቻ ነው። የእኛ ልማድ ሁሉንም ክፍለ ቃል እኩል መጥራት ስለሆነ ይህ ጊዜ ይወስዳል። ተነባቢ ሲደራረብ የምናስገባትን ሳድስም አይቁጠሯት፤ ኤስ-ቲ-ኦ-ፒ (ቁም) ውስጥ ያለው አናባቢ አንድ ነው፣ «እስቶፕ» ስንል ግን ሁለት አድርገነዋል።

6. ትርጉም በሌለው ቃል ይፈተኑ

የሚታወቅ ቃል ፈተናውን ያበላሻል፤ ድምፁን ሳይለዩ ከትዝታ ይመልሱታል። በእንግሊዝ አገር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚፈተኑባቸው 40 ቃላት 20ዎቹ ፈጠራ የሆኑት ለዚህ ነው። እርስዎም 10 ፈጠራ ቃላት ይጻፉ፦ ቪ-ኤ-ቢ፣ ቪ-ኤ-ቢ-ኢ፣ ዜድ-ዩ-ሲ-ኬ፣ ኤን-አይ-ኤፍ-ኤፍ-ኢ-አር፣ ቲ-ኦ-ዲ-ጂ-ኢ የመሳሰሉ። አጭር የሆኑትን ብቻ ያክብቡ፤ ከአምስቱ አጭር ያልሆነው ሁለተኛው ብቻ ነው። ከዚያ ጮክ ብለው ያንብቧቸውና ይቅዱ። ክበቡ ትክክል ሆኖ ንባቡ ከተሳሳተ ወደ መስታወቱና ወደ ሁለተኛው ክፍል ይመለሱ፤ ንባቡ ትክክል ሆኖ ክበቡ ከተሳሳተ የሚጎድለው አራተኛው ነው።